ያለ ማስታወቂያ

«ክንድዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ። ያውርዱ እስክልዎ ድረስ እንዳያወርዱት» አለ ስልኩ ላይ በተከፈተው ቪዲዮ ውስጥ ያለው ሐኪም። አባቷ የቀኝ ክንዱን እያቃሰተ አነሳ። ሚጢጢ ከጎኑ ቆማ ክርኑን በሁለት ጣቶቿ ደገፍ አደረገችለት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፣ ቁመቷም እናቷን አልፏል፤ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ሚጢጢ ናት።

«አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…»

አምስት አልመጣም። በምትኩ አንዲት ሴት ፀጉሯን እያወዛወዘች ስለ ሻምፖ መዝፈን ጀመረች።

«አባዬ፣ አውርደው በቃ!»

«ሰውዬው መቼ አውርድ አለኝ?»

አናጢ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በልክ እንጂ በግምት እንጨት ቆርጦ አያውቅም። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህም መመሪያ ለእሱ መመሪያ ነው። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ሴትየዋ ትዘፍናለች። ሚጢጢ «ዝለል» የሚል ነገር ፍለጋ ስክሪኑን ብትደበድበው ምንም የለም። ከሻምፖው ቀጥሎ መኪና መጣ። ሐኪሙ ተመልሶ «አምስት» ሲል የአባቷ ክንድ ጭኑ ላይ ወድቋል።

«ሳንከፍል አንድ ነበር የሚመጣው» አለ በግራ እጁ ትከሻውን እያሸ። «ከፍለን ሁለት ሆነ። ከእጅ አይሻል ዶማ!»

እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ያለ ማስታወቂያ ነው፣ አሪፍ ነው» ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችው፣ እናቷን ሳምንት ሙሉ ነዝንዛ የቪዲዮውን ወርሃዊ ክፍያ ያስከፈለችውም እሷ ናት።

«ዛሬ ይብቃኝ» አለ አባቷ። «ነገም ይቆየኝ።»

ሚጢጢ ደነገጠች። የሆስፒታሏ ፊዚዮቴራፒስት ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ እንቅስቃሴው ከተቋረጠ ትከሻው ይደርቃል፤ መዶሻ ማንሳትም ይቀራል።

መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቪዲዮውን ለሚያቀርበው ድርጅት መልእክት ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ የመረጡት ጥቅል ጥቂት ማስታወቂያ ያለው ነው። ሲመዘገቡ ተስማምተዋል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«አባቴ ታሞ ነው። ሕክምናው መሃል እየገባችሁ ነው» ብላ ጻፈች።

«ውድ ደንበኛችን…» ያው መልስ፣ ከነትዕግሥቱ። ወዲያ ማዶ ሰው እንደሌለ ሲገባት እንባዋ መጣ። የተመዘገበች ዕለት ያንን ረጅም ጽሑፍ ሳታነብ በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ «እስማማለሁ» የሚለውን ነክታዋለች።

እናቷ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ተመልሳ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቀች። «እህ፣ ከማስታወቂያው ተገላገላችሁ?»

«ጸጥ ብሏል!» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ፣ ሚጢጢንም ጠቀስ አደረጋት። «ሁሉንም ሠራሁ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነገም ግን «ሠራሁ» ይላል፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

«አልቀረም፣ እማዬ» አለች። «ሳላነብ ነው የተስማማሁት። አባዬም ሳይጨርስ አቆመ።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እኔም ብሆን አላነበውም ነበር» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «እስቲ ንገሪያቸው።»

«ነገርኳቸው። የሚሰማ የለም።»

ሦስቱም ስልኩን አዩት። ሊቆጡት አይችሉ፣ ሊለምኑት አይችሉ። አባቷ ከሚጢጢ ዓይን ሸሽቶ አንገቱን ደፋ።

እሷም ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሳችው። ክንዱ እስከ የት እንደሚነሳ፣ ስንት እንደሚቆጠር፣ መቼ እንደሚወርድ የአሥራ ሁለቱንም እንቅስቃሴ በተራ ቁጥር መጻፍ ጀመረች። ነገ ስልኩ ተዘግቶ እሷ ራሷ ታነብለታለች።

የመጀመሪያውን ሳትጨርስ ማስታወቂያ ገባ። የአሁኑ የፍራሽ ነበር።

«ይሄኛው እንኳን ያስተኛል» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

ሚጢጢ ብዕሯን እንደያዘች እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚህኛው ሌላ ገና አሥራ አንድ እንቅስቃሴ ይቀራታል።