በዳቦ ጋጋሪው ደጃፍ

ሰውየውን ከማየቴ በፊት ደሙን አየሁት።

ልጄ ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት አልፎ በሩ ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ደም ጠጥቶ መጣች። አጠገቤ እስክትደርስ ድረስ በልቤ ገድያት፣ ቀብሬያት፣ ለቀስተኛውን ሸኝቼ ጨርሻለሁ።

«የኔ አይደለም እማ» አለችኝ። «የመዶሻው ነው።»

መዶሻው ማን እንደሆነ የነገረችኝ ቀሚሷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፍን ነው። በያጅ ነው። ወደ ጸሎት ቤታችን ከመጣ ብዙም አልቆየም። በዳቦ ጋጋሪው ደጃፍ ከእሷ ጋር እንዲቀመጥ ተመድቦ ነበር።

የጸሎት ቤታችን አንድ ልማድ አለው። ባል ሚስቱን በሚደበድብበት ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። በር አያንኳኩም፣ አይሳደቡም፣ እጃቸውን አያነሱም። ዝቅ ባለ ድምፅ እየዘመሩ መቀመጥ ብቻ ነው። ይህን ያመጣችው ሰብሳቢያችን አዋላጇ ናት። የሰፈሩን ግማሽ በእጇ ስለተቀበለች ማንንም አትፈራም፤ ስለ ትልቅ ሰው ሲወራ «እሱን ራቁቱን አውቀዋለሁ» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። ዱላ የሚወደው የተዘጋ በርን ነው፣ ሰው እየሰማው ሚስቱን የሚመታ ብዙ የለም ትላለች። የጸሎት ቤት በሰው ትዳር ምን አገባው ብለው የተከራከሯት ነበሩ። ከአጥራችን የማይወጣ ጸሎት ለራስ ማንጎራጎር ነው ብላ አስቀመጠቻቸው።

እኔ ሁሉንም እደግፋለሁ፤ ተቀምጬ ግን አላውቅም። ታላቅ እህቴን ባሏ በመጥረቢያ እጀታ ደብድቦ ገድሏታል። ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ማንም አልወጣም። ሬሳዋ ሲወጣ ሁሉም ደረቱን እየደቃ ወጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድ ሳይ ከፊቱ በፊት እጁን ነው የማየው።

ዳቦ ጋጋሪው ጎህ ሳይቀድ ምድጃ የሚያነድ፣ ቀትር ላይ ቤቱ ገብቶ የሚጠጣ ሰው ነው። ሠራተኛ ከየሥራው በሚወጣበት ሰዓት እሱ ሚስቱ ላይ ይጀምራል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የቤት ጉዳይ ነው ተብላ ተመልሳለች። ጥላው እንዳትወጣ ደግሞ፣ የሚያስጠጋሽን ሰው አንገቱን እቆርጠዋለሁ ብሏታል። ሌሎች ባሎች ደጃፋቸው ላይ ሲዘመር ያፍራሉ። እሱ ግን ዳቦ የሚያወጣበትን ረጅም እጀታ ያለው አካፋ ይዞ ወጣና በጠርዙ የመዶሻውን ራስ ከፈተው።

«እሱስ ምን አደረገ?» አልኳት።

«እጆቹን ጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው።»

በቀሚሷ ጫፍ ጭንቅላቱን ይዛ ሐኪም ቤት አድርሳዋለች። እሷ የሥራ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ሰፊ ናት። ሐኪሙ ቁስሉን ሲሰፋ ቆማ አይታ፣ «የኛ ፎርማን ብታየው አስፈትታ እንደገና ታሰፋው ነበር» አለችኝ። ይህን ብላ ሳቀች። በደም የራሰ ቀሚስ በእጇ ይዛ ሳቀች። ከደሙ ይልቅ ሳቁ አስፈራኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተከትያት ሄድኩ። ዳቦ ጋጋሪው ቤት ፊት ለፊት የቆመ የጭነት መኪና ነበር፤ ከኋላው ተደበቅሁ። በኔ ዕድሜ።

ሁለቱ ደረጃው ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። መዶሻው ራሱ በፋሻ ተጠምጥሟል። እጆቹን አየኋቸው። የብየዳ ፍንጣሪ የነጠባቸው ሰፋፊ እጆች ናቸው፤ እንደዚያ ያለ እጅ አንዴ ቢያርፍ ልጄ አትነሳም ብዬ አሰብኩ። ከውስጥ የጥፊ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳህን ተሰበረ፤ ቀጥሎ አፍ የታፈነ ሰው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። የመዶሻው እጆች ተጨበጡ።

ልጄ መዝሙሩን ሳታቋርጥ ከቦርሳዋ ስፌቱ የተበላሸ ጃኬት አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ትንሽ መቀስም ሰጠችው።

«ፍታው» አለችው። «ክሩን ብቻ። ጨርቁን ከቀደድክ ፎርማኗ እኔን ነው የምትቀደኝ።»

ያ ግዙፍ ሰው አጎንብሶ በሁለት ጣቱ ክር ይለቅም ጀመር። እየለቀመ ይዘምራል። ድምፁ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው።

«አንተ ፍታ ብቻ» አለችው። «ፈጣሪም ጆሮ አለው።»

ሳቀ። ቀና ሲል ዐይኗ እጁ ላይ ነበር። እያየችው መሆኗን አየ፤ ማየቱን አየች። መዝሙሩ ቆመ። ውስጥም ጸጥ ብሎ ነበር። ያን ያህል ዝም ተባብለው የሚተያዩ ሰዎች ነገር የት እንደሚደርስ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ስለ ሰውየው ጠያየቅሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ የፈራሁት ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት። መዶሻው የተባለው በሥራው አይደለም። በጡጫው ነው። የሥራ ባልደረባውን ደብድቦ አንድ ጆሮውን አደንቁሮታል። ለልጄ ነገርኳት፤ ታውቃለች። እንድትተወው ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ በእህቴ አፅም ለመንኳት። ትወደኛለች፣ ሰምታኝ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሷ ዝምታ ግን እኔን ነቀዘኝ። መጨረሻ ላይ፣ አንቺ እሺ ሳትዪ አላገባውም፣ ሌላም አላገባም አለችኝ። ከእንቢታ ይህ ይከብዳል።

አዋላጇ ራሷ መዶሻውን ቤቴ ድረስ ይዛው መጣች። ወንበሬ ከሥሩ ሲጥ አለ። እጆቹን፣ አደራ እንደተሰጠው የሰው ዕቃ፣ ጉልበቶቹ ላይ አስቀመጣቸው።

«ሰው መትተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

«እናትህ አይደለሁም። ምን አድርጎህ መታኸው?»

«የመጀመሪያውን ጡጫ ሰድቦኝ ነው። የቀረውን በምንም።»

«ታዲያ ለምን ተውክ?»

እጆቹን አገላብጦ አያቸው። ልጄ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ስለሚጣፍጠኝ» አለ።

ከዚያ ቀጠለ። ያደነቆረው ሰው ቤት በየዕረፍት ቀኑ ይሄዳል። መጀመሪያ በሩን ዘግቶበት ነበር፤ አሁን ያስገባዋል፤ በሚሰማው ጆሮው በኩል እየተቀመጠ ያወራዋል። ይህን ሁሉ ነገረኝ፤ እኔ የሰማሁት ግን ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

ሲሄዱ ልጄን፣ «ሰማሽው? ይጣፍጠኛል አለ» አልኳት።

«ሰማሁት። ዋሽቶሽ ቢሆን ይሻልሽ ነበር?»

«አዎ» አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

«አክስቴን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣው ሰውዬ ምን ብሎ ነበር?» አለችኝ። እጄ ዝንብ አይነካም ብሎን ነበር። አባቴ መርቆታል።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና ጠዋት አዋላጇ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ ከዚህ በኋላ እዚያ ደጃፍ አትቀመጥም፣ በሷ ቦታ እኔ ልመደብ አልኳት። መዶሻው በገዛ ዐይኔ ፊት እጁን ሲያነሳ ልያዘው ብዬ ነው፤ ካየሁ ልጄም ታምነኛለች። አዋላጇ ገብቷታል። እጅሽን ታውቂዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስለ እጄ ልጠየቅ ብዬ ተቆጣሁ።

መዶሻው በርጩማዬን ተሸክሞልኝ ሄደ፤ ጉልበቴ ደረጃ ላይ መቀመጥ አይችልም። እሱ ከእግሬ ሥር ልጄ የሰጠችውን ጃኬት ስፌት እየፈታ ተቀመጠ። ዘመርን። መንገደኛው እያየን ያልፋል፤ መስኮቶች በሥሱ ይከፈታሉ።

ከውስጥ ተጀመረ።

ከርቀት መስማትና ከደጃፍ መስማት አንድ አይደለም። የቀበቶ ዘለበት ሥጋ ሲያገኝና ግድግዳ ሲያገኝ ድምፁ ይለያያል። ከዚያ በሩ ከውስጥ ተመታ። እንደገና ተመታ። ጭንቅላቷ መሆኑን አወቅሁ። የእህቴ ጎረቤቶች የሰሙትን ሰማሁ።

መዝሙሩ ከአፌ ጠፋ። ተነስቼ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። መዶሻው «አይንኩት፣ እናቴ» ሲል ረፍዶ ነበር።

በሩ ተበርግዶ ዳቦ ጋጋሪው ወጣ። አካፋው በእጁ ነው። ሲሰነዝር ክንዴን አነሳሁ፤ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት። ሁለተኛው ወደ ራሴ ሲመጣ ግን ጨለመብኝ፤ መዶሻው ግድግዳው ላይ አስጠግቶኝ በጀርባው ሸፍኖኛል። ምቱ እሱ ላይ ወረደ። በያንዳንዱ ምት ደረቱ ወደኔ ይመጣል። አተነፋፈሱ ተቆራረጠ። እያቃሰተ፣ ጆሮዬ ሥር፣ በዚያ አስቀያሚ ድምፁ መዝሙሩን ከተውኩበት ቀጠለ። እጆቹ ከራሴ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ናቸው። ጥፍሮቹ ልስኑ ውስጥ ገብተው ደምተዋል። መዳፎቹ ግን እንደተዘረጉ ናቸው። እስኪጨበጡ ጠበቅሁ። አልተጨበጡም።

የአካፋው እጀታ ጀርባው ላይ ተሰበረ። ዳቦ ጋጋሪው የቀረውን ስብርባሪ ይዞ ወደ በሩ ዞረ፤ ሚስቱ ፊቷ ደም ለብሶ ደፉ ላይ ተንበርክካለች።

በመዶሻው ብብት ሥር እንዴት እንደሾለክሁ አላውቅም። በርጩማው በደህና እጄ ነበር። ዳቦ ጋጋሪውን መንጋጋው ላይ መታሁት፤ ጥርስ ደረጃው ላይ ተበተነ። ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ደገምኩት። የመጀመሪያውን የመታሁት ለሚስቱ ነው። ሁለተኛው ለእህቴ ነበር፤ ወደ ሰውነቴ ሁሉ የገባ ሙቀት ነበረው፣ ጉልበቴ ሕመሙን ረሳ፣ አፌ ውስጥ ምራቄ ሞላ። ለሦስተኛው አነሳሁ። ሦስተኛው ይገድለው ነበር።

አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። ሊሰብረው ይችል ነበር። ጨርቅ እንዳይቀድ የሚጠነቀቅ ሰው እንደሚይዝ ነው የያዘኝ።

«ይበቃል፣ እናቴ።»

«ጣፈጠኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

በርጩማውን ከእጄ ወሰደና እንድቀመጥበት አስተካክሎ አስቀመጠልኝ። ከዚያ እሱ ራሱ ወደቀ።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ተነሳች። በባሏ ላይ ተራመደች። ቀና ብላ በመንገዱ መሃል ወደ አዋላጇ ቤት ሄደች፤ መስኮት ሥር የነበሩት ሁሉ ወጥተው ከኋላዋ ተከተሉ። በዚህ ጊዜ ለሬሳ አልነበረም የወጡት። ለሷ ያልመጣ ፖሊስ ለኔ ክንድ መጣና ዳቦ ጋጋሪውን ወሰደው። እኔንም ስለ በርጩማው ጠየቁኝ፤ አልካድኩም።

ሐኪም ቤት ከመዶሻው ጎን አልጋ ሰጡኝ። አዋላጇ ቀድማ ደረሰች። ይህን ያህል ዘመን ሰው ስመድብ እጁን ያነሳ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፣ እጅሽ እስኪበርድ ደጃፍ አትደርሺም ብላ አገደችኝ። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ።

ልጄ መጣች። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ነው፤ ትከሻዋ ላይ የክር ቁርጥራጭ አለ። ሁለቱ አልጋዎች መካከል ቆመች። እሱ በሆዱ ተኝቷል፤ ጀርባው ጀርባ አይመስልም። ፊቱን ወደሷ አዞረ። እሷ ወደኔ መጣች፤ ክንዴን አየች፣ ፀጉሬን ወደኋላ መለሰችልኝ፤ ልጅ ማድረግ ያለባትን ሁሉ አደረገች። ዐይኗ ብቻ አልታዘዛትም።

«ምን አየሽ እማ?» አለችኝ በቀስታ።

የምላት ብዙ ነበር። ሰው ይለወጣል፣ ነገ ሌላ ቀን ነው፣ ትዳር ረጅም ነው ልላት ነበር።

«እጁን አየሁት» አልኳት። «ሂጂ ወደሱ።»

ደክሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩላቸው። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

«መጣሽ?» አላት።

«መጣሁ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተነጋገሩም። እንደ ልማዴ ጆሮዬን አቁሜ ዝምታው ውስጥ ክፉ ነገር ፈለግሁ። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣ እንቅልፍ ወሰደኝ።