ካሜራው ፊት የቆመችው ቁጥቋጦ

«እንደ ነብር ነው ያልኩሽ፣ እንደ ሰነፍ ፍየል ነው እንዴ!» ነብር የምታጠናው እትዬ ሪንቼን ሳቋ አልቆም አላት።

ያንግዶል በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ጭራ ያላት ይመስል ወገቧን አወዛወዘች። እዚህ ተራራ ላይ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ የሚተክል ሁሉ ይህን ያደርጋል። የበረዶ ነብር ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፤ ስለዚህ አንዱ ድኾ ያልፍና ካሜራው አይቶት እንደሆነ በቀይ መብራቱ ብልጭታ ይፈተሻል። ያንግዶል ግን ፈተናውን ቲያትር አደረገችው። ነብር የሸናበትን ቋጥኝ አሸተተችና አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ተንከባለለች። እትዬ ሪንቼን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ቹስኪት አልሳቀችም። ምኑ ያስቃል? ያንን ቋጥኝ ያገኘችው እሷ ናት። ሁለት በጋ ሙሉ እትዬ ሪንቼንን ተከትላ ባትሪ የተሸከመችው፣ ዛፍ በማያውቀው በዚህ በረሃ ብርዱ ጣቷን የሰነጣጠቀው እሷ ናት። ያንግዶልስ? ከሌህ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ለእረፍት መጣች፤ ገና ሳምንት ሳይሞላት «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይባልላታል። የቹስኪት አያት ሜሜ እንኳ «ያቺን ተጫዋች ልጅ ጥሪያት እስቲ፣ ቤቱ ይሙቅ» ይላሉ። እስከ ዛሬ ቤቱ ቀዝቅዞ ኖሯል ማለት ነው!

በመኸር እትዬ ሪንቼንና ቡድኗ ነብር ሊቆጥሩ ከተራራው ማዶ ይሻገራሉ። ከመንደሩ የሚወስዱት አንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ለራሷ የተሰጣት ካሜራ በደንብ የሠራላትን። ይህ ሸለቆ ነብር የሚመላለስበት መሆኑ በፎቶ ከታየ ደግሞ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከብትም ጂፕም እንዳይገባበት ሊዘጉት ቃል ገብተዋል።

«የቀረውን ራስሽ ጨርሺው፣ እኔ እጄን አላስገባም» ብላ እትዬ ሪንቼን ቁልቁል ወረደች። ያንግዶል ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ድንጋዩ ላይ አጥብቃ አሰረችው። ቹስኪት ፊት ለፊት ቆማ ስትመለከት አንድ ነገር አየች።

ከሌንሱ ፊት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት ደረቅ ቁጥቋጦ ቆማለች። አሁን ጠዋት ስለሆነ ንቅንቅ አትልም። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ በዚህ አገር ቀርቶ አያውቅም። ቁጥቋጦዋ በተወዛወዘች ቁጥር ካሜራው ነብር መጣ ብሎ ፎቶ ያነሳል፤ ባትሪው እስኪሞት። ቹስኪት ይህን የምታውቀው አምና የራሷን ካሜራ እንዲሁ አበላሽታ መንደሩ ሁሉ ስለሳቀባት ነው። «የሣር ፎቶ አንሺ» ብለዋት ነበር።

«አንቺ ነቄ ነሽ፣ እስቲ እይልኝ» አለች ያንግዶል። «ደህና ነው?»

ቹስኪት ቁጥቋጦዋን አየቻት። ካሜራው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ አለች።

«ደህና ነው።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። አመሻሹ ላይም አልቆመም፤ በሩን ያንገጫግጨዋል። ሜሜ በሶአቸውን በቅቤ ሻይ እያሹ የልጅ ልጃቸውን በዓይናቸው ገረፍ አደረጓት።

«ምነው ፊትሽ? የጎረቤቷ ፍየል መንታ የወለደችባት ሴት መሰልሽ እኮ!»

ወዲያው ያንግዶል እፍኝ ሙሉ የደረቀ የአፕሪኮት ፍሬ ይዛ ገባች። «እማዬ ልካ ነው» አለችና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። «እኔ እንደሆንኩ ካሜራዬ አያሳስበኝም። ለእትዬ ሪንቼን ‹ቹስኪት አይታልኛለች› ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እሷ ካየችው አበቃ።› ኧረ ቀናሁብሽ! ስለ እኔ እንዲህ ብላ አታውቅም።»

«አትፎግሪኝ።»

«ሙች! እኔን ስትስቅብኝ ነው የምትውለው። አንቺን ግን ታምንሻለች።»

ሜሜ ሳቁ። ቹስኪት የበሶዋን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው።

ሲነጋ ተራራውን ወጣች። ከካሜራው ጀርባ መጣች፤ ከኋላ የመጣ ሰው ፎቶ አይነሳም። ሐሳቧ ቁጥቋጦዋን ነቅሎ መውረድ ነበር፣ ማንም ሳያውቅ። ካሜራውን ፈታ ከፈተችው። ቁጥቋጦ። ቁጥቋጦ። አሁንም ቁጥቋጦ። ባትሪው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ፎቶዎቹን ወደ መጀመሪያዎቹ መለሰቻቸው።

የራሷን ፊት አገኘች።

ከንፈሯ ተጣብቋል። ዓይኗ በቀጥታ ቁጥቋጦዋ ላይ ነው፤ አላየሁም ብሎ ነገር የለም። ቅናቷን ከውስጥ ታውቀው ነበር፣ ሆዷን ሲያቃጥላት። ከውጭ ግን እንዲህ እንደሚያስጠላ አላወቀችም። «ወይኔ! ይቺ እኔ ነኝ?» አለች።

ማጥፊያው አውራ ጣቷ ሥር ነው። አንዴ መጫን ብቻ። እትዬ ሪንቼንም አታይ፣ ያንግዶልም አታውቅ፣ የመኸሩም ጉዞ እንደተጠበቀ ይቀራል። ጣቷ እዚያው ላይ ብዙ ቆየ።

ከዚያ አነሳችው። ለራሷ ካሜራ የተሰጣትን መጠባበቂያ ባትሪ ከቦርሳዋ አውጥታ ለያንግዶል ካሜራ አደረገችለት፤ ዘግታም እንደነበረው አሰረችው። ቁጥቋጦዋን ከነሥሯ ነቀለቻት።

በመጣችበት በኋላ በኩል መውረድ ትችል ነበር። እሷ ግን ዞራ ወደ ፊት ለፊት መጣች። ቁጥቋጦዋን በጥርሷ ነክሳ በአራት እግሯ ሆነች፤ ጭራ ያላት ይመስል ወገቧን እያወዛወዘች በካሜራው ፊት ዳኸች። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች።

ቹስኪት ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ቁጥቋጦዋን እንደያዘች ወደ ያንግዶል ቤት የሚወስደውን መንገድ ተያያዘችው።