አሥራ ሁለቱ ሙከራዎች

ሐሙስ ሰኔ 8 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ረዳት መምህር ሞቱማ ሱሉልታ ካለው የኮሌጅ ምርምር ጣቢያ ጀርባ በሚገኘው ማሳ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ቁርስ ይዛለት የሄደችው እኅቱ ገለቴ ናት። በግንባሩ ተደፍቷል። አዲሱ ባለ ብረት ገልባጭ ማረሻ ወገቡ ላይ ወድቋል። ከፊቱ ሁለት በሬዎች እንደተጠመዱ ቆመዋል።

በማግስቱ ሻምበል ዓባይነህ ከአዲስ አበባ መጣ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ብዙ የማይናገር መርማሪ ነው። የሱሉልታ ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ኢቲቻ ማሳው ድረስ ወሰደው።

«ሰው ይዘናል፣ ጌታዬ» አለ ኢቲቻ። «ኦቦ ባይሳ ይባላሉ። በሬዎቹ የሳቸው ናቸው። ረቡዕ ዕለት ሞቱማን ‹ይህን ብረት ዳግመኛ በበሬዎቼ ላይ ብታስር እገልሃለሁ› ሲሉት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እንድንልካቸው ታዘናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጨረሻው ገመድ ነው።»

ኢቲቻ ይህን ሲል ወደ መሬት አየ። ባይሳ የእናቱ ጎረቤት ናቸው።

ሻምበሉ በርከክ ብሎ መሬቱን አየ። ማረሻው ካረፈበት ኋላ ያለው ፈር አንድ ክንድ አይሞላም። የደም ምልክቱም አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት አወጣ። ቁስሉ ከጆሮው በላይ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ። ማረሻው ግን ሰፊ ነው፤ ሁለት መዳፍ ያህላል።

«በሬዎቹ ጎትተው ገደሉት የሚል አለ?»

«ዶክተሩ እንደዚያ ይላሉ።»

«ሰው ሊጎትቱ ቀርቶ አንድ እርምጃ አልሄዱም» አለ ሻምበሉ ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ። «ዶክተሩ ጋ ውሰደኝ።»

ዶክተር ወንዳፍራሽ የምርምር ጣቢያው ኃላፊ ነው። ዘጠኝ ዓመት ውጭ አገር ተምሮ ተመልሷል። ገልባጭ ማረሻው የእሱ ሥራ ነው። ቢሮው ውስጥ የብረት ምድጃ ይነዳል፤ ሱሉልታ በሰኔ ይቀዘቅዛል። ጠረጴዛው ላይ በማሽን የተጻፈ ወፍራም ዘገባ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ እሱ የሣለው የቀንበርና የማረሻ ንድፍ ተሰቅሏል።

«በሚመጣው ረቡዕ የሚኒስቴሩ ሰዎች ይመጣሉ» አለ ዶክተሩ። «ዘገባውን ከተቀበሉ ሦስት ሺህ ማረሻ ተሠርቶ ለገበሬው ይታደላል። ምርምር ማለት ይኸው ነው፤ ከመጽሐፍ ወጥቶ መሬት ላይ መድረስ።»

«የሞቱማ ድርሻ ምን ነበር?»

«የማሳውን ሙከራ እየመዘገበ ይይዝ ነበር። ዘገባው ላይም ሊፈርም ነበር፤ ሳይፈርም ሞተ።»

«ደብተሩ የት አለ?»

«አላየሁትም።»

«ትናንት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ወደ ማሳው አልወረድኩም። አስከሬኑን እንኳ ያየሁት ቃሬዛ ላይ ነው።»

«እንዴት የሞተ ይመስልዎታል?»

«አደጋ ነው፣ ሻምበል። በሬ ነው እንጂ ሞተር አይደለም። በተለይ በግራ የሚጠመደው ቀዩ ድንጉጥ ነው። እሱ ሲዘል ሞቱማን ጣለው። ሽማግሌውን በከንቱ ነው ያሰራችኋቸው።»

«በሬዎቹን በደንብ ያውቋቸዋል።»

«አሥራ ሁለቱም ሙከራ ላይ ቆሜያለሁ። ዘገባው ውስጥ ተጽፏል።»

«ዘገባውን ላንብበው?»

ዶክተሩ ሳያቅማማ ሰጠው።

የቢሮው የጎን በር ወደ ወርክሾፑ ይወስዳል። መካኒኩ ዳኜ መዶሻ ይዞ ብረት ይቀጠቅጣል። ፍቼ አካባቢ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰቀልበት ቦታ በኖራ ተሥሏል።

«ሁሉም አለ?» አለ ሻምበሉ።

«አለ። ምነው? እኔንም ልትጠረጥሩ ነው? መዶሻ ስለያዝኩ?»

«መዶሻህ አፉ ሰፊ ነው። ይህን አውርድልኝ።»

ረጅም የብሎን መፍቻ ነበር። ዳኜ ሲያወርደው ፊቱ ተለወጠ። ብረቱ ዝጎ ነበር።

«ማነው ይህን በውሃ ያጠበው? እኔ መሣሪያዬን በዘይት ነው የማብሰው። እንኳን በዚህ ዝናብ፣ በበጋም ውሃ አላስነካም።»

«ትናንት ማን ወሰደው?»

«ሞቱማ። የማረሻውን ብሎን ላጠብቅ ብሎ በማለዳ ወሰደው። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ከሰል ልገዛ ወጣሁ፤ ወርክሾፑን አልቆለፍኩም። ስመለስ ሰው ይጮኻል። የሞተ ሰው እንዴት መልሶ ይሰቅለዋል?»

«አይሰቅለውም» አለ ሻምበሉ። መፍቻውን በጋዜጣ ጠቀለለና ወሰደ።

ሦስተኛው ሰው መምህር ውብአየሁ ነው። የኮሌጁን የምርምር ውጤት ለፋብሪካና ለገበሬ የማድረስ ሥራ የእሱ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ቀልደኛ ነው። የዚያን ቀን ግን ቀልዱ ሁሉ ይደናቀፍበት ነበር።

«ከሞቱማ ጋር ለአንድ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ትወዳደሩ ነበር አሉ።»

«እንወዳደር ነበር። እሱ ያሸንፍ ነበር። ይህንንም ይጻፉት፤ ሌላ ሰው ከሚነግርዎት እኔ ልናገር።»

«ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓትስ?»

«ሆዴን አሞኝ ሽንት ቤት ነበርኩ። ምስክር አልጠራሁም።»

«በሬ መጥመድ ትችላለህ?»

«እኔ? ሻምበል፣ እኔ በሬና ላም የምለየው ሲታለቡ አይቼ ነው።»

ሻምበሉ አልሳቀም። ፖሊስ ጣቢያ ተመልሶ ዘገባውን ገለጠ። አሥራ ሁለቱ ሙከራዎች በፈረንጅ ቀን ተዘርዝረዋል፤ ከኤፕሪል 4 ጀምሮ በየአራት ቀኑ፣ አንድም ሳያጎድል። ሁለቱ አቆጣጠር ጎን ለጎን የታተመበት የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ነበር። ሻምበሉ እርሳስ ይዞ አንድ በአንድ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለሳቸው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ። ከዚያ ባይሳ ወደ ታሰሩበት ክፍል ሄደ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ባይሳ?»

«ነጋ፣ በሰላም አደርኩ» አሉ ሽማግሌው። ቀና ብለው አዩት። «ቋንቋችንን ታውቃለህ?»

«ሰላምታውን ብቻ። ሞቱማን ገድለዋል?»

«ሞቱማን? እጄ ላይ ነው ያደገው። ተቆጣሁት እንጂ። የበሬዬን የዳማን አንገት ብታየው አትፈርድብኝም፤ ያ ብረት ከብዶ አቁስሎታል። እሱም ‹እውነት ነው፣ አባባ፤ ለትልልቆቹ ሰዎች እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ታረቅን። ሐሙስ በሬዎቹን ለግጦሽ ማሳው ዳር አሰርኩና ወንዝ ወርጄ ሣር ሳጭድ ነበር። ማንም አላየኝም።»

«ማረሻው በበሬዎችዎ ስንት ጊዜ ተሞከረ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አሥራ ሁለት አይደለም?»

«አሥራ ሁለት ጊዜ ቢሆን በሬ ይኖረኛል?»

«ሚያዝያ 20 ቀንስ አርሰዋል?»

ባይሳ ቆጠሩ። ከዚያ አማተቡ። «የዘንድሮው ስቅለት? ምነው! ሰው ሲሰግድ የሚውልበትን ቀን እኔ በሬ ልጠምድ?»

«ዶክተሩ እዚያ ነበርኩ ይላል።»

«እሱ አንድ ቀን መጣ። ዝናብ ስለነበረ ከመኪናው አልወረደም።»

ሻምበሉ አመሻሹ ላይ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ገለቴን ከሴቶቹ ለይቶ ጓሮ አስቀመጣት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እንባዋ አልቋል።

«ልጄ፣ ስትደርሺ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ያየሁት በሬዎቹን ነው። ይገፋፉ ነበር። ቀንበሩ አንገታቸውን ሊሰብር ነበር። ወንድሜ ማረሻውን ለማስተካከል ያጎነበሰ መሰለኝ። ፈትቼ ወደ በረታቸው ስነዳቸው ነው የሆነውን ያየሁት።»

«ለምን ይገፋፉ ነበር?»

«ተዛውረው ነዋ የተጠመዱት። ዳማ የቀኝ በሬ ነው። ቡላ የግራ ነው። ከወይፈንነታቸው እንደዚያ ነው የለመዱት። ዳማን ግራ አስገብተውት ነበር። ቦታው ካልሆነ በጅራፍ ብትገድለው አይራመድም።»

«ዳማ ቀዩ ነው?»

«ቀዩ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቅዳሜ ጧት ሁሉም ማሳው ላይ ተሰበሰቡ። ዶክተር ወንዳፍራሽ፣ ዳኜ፣ ውብአየሁ፣ ገለቴ፤ ባይሳ ደግሞ እጃቸው በካቴና እንደታሰረ። ኢቲቻ ብቻ ዘግይቶ እንዲመጣ ታዟል። ሻምበሉ በሬዎቹን አስመጣ። ውብአየሁ ሲያያቸው ባሕር ዛፉ ኋላ ገባ።

«ዳኜ፣ ጥመዳቸው። ቀዩን በግራ።»

«ግራ የእሱ ቦታ—»

«አውቃለሁ። በግራ ጥመደው።»

ዳኜ ጠመደ። ጮኸባቸው፤ ጅራፍ አጮኸ። በሬዎቹ ተገፋፉ፣ ተጠማዘዙ፣ ግን አንድ እርምጃ አልሄዱም።

«አሁን ቀይራቸው።»

ቀየራቸው። ገና ሳይጮህባቸው መራመድ ጀመሩ።

«ሐሙስ ዕለት በሬዎቹ ተዛውረው ነው የተጠመዱት» አለ ሻምበሉ። «ገለቴ አይታለች። ስለዚህ ማንንም አልጎተቱም። ሰውየው ከሞተ በኋላ አደጋ እንዲመስል ነው የተጠመዱት። የጠመዳቸው ኦቦ ባይሳ አይደሉም፤ በሬዎቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዳኜም አይደለም፤ የገበሬ ልጅ ነው፤ ቦታቸውንም ያውቃል። ደግሞም ሞቱማ የተመታበትን መፍቻ ገዳዩ በውሃ አጥቦ ሰቅሎታል፤ ዳኜ ቢሆን በዘይት ያብሰው ነበር።»

«እኔ ቀረሁ ማለት ነው» አለ ውብአየሁ ከዛፉ ኋላ።

«አንተ ቀንበር ለመጫን መጀመሪያ ከዛፉ ኋላ መውጣት ይኖርብሃል።» ሻምበሉ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ቀንበር እንዴት እንደሚታሰር አጥንቶ የሣለ፣ ግን በሬ ነድቶ የማያውቅ ሰው ቀረ። ዶክተር፣ ትናንት ‹በግራ የሚጠመደው ቀዩ› ብለውኝ ነበር።»

ዶክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ተሳስቼ ይሆናል። ግራና ቀኝ መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ቆሞ ያየ ሰው አይሳሳትም። ዳማ በሕይወቱ በግራ የተጠመደው አንድ ጧት ብቻ ነው፤ ሐሙስ። ገለቴ ወዲያው ፈታችው፤ ለማንም አልተናገረችም። እርስዎ ወደ ማሳው አልወረድኩም ብለዋል። ታዲያ ማን ነገረዎት?»

ዶክተሩ ወደ ቢሮው አቅጣጫ አየ።

«ሙከራው ሦስት ነው። ዘጠኙን ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው በፈረንጅ ቀን ጻፏቸው። ሁለቱ እሑድ ዋሉ። አንዱ ስቅለት ዋለ። ሞቱማ እውነተኛው መዝገብ በእጁ ነበር፤ በውሸቱ ላይ አልፈርምም አለ። በሚመጣው ረቡዕ ደግሞ በሚኒስቴሩ ሰዎች ፊት ሊናገር ነበር።»

በዚህ ጊዜ ኢቲቻ ከቢሮው በኩል እየሮጠ መጣ። ከምድጃው አመድ ውስጥ ያወጣውን፣ ግማሹ የተቃጠለ ጠንካራ የደብተር ሽፋን ይዟል። የሞቱማ ስም ዳሩ ላይ ይነበባል።

ዶክተሩ ሽፋኑን አየ። ትከሻው ወረደ።

«ማረሻው ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ክብደቱን በሚመጣው ዓመት እቀንሰው ነበር። ዘንድሮ ካላለፈ ግን ገንዘቡ ለሌላ ምርምር ይሄድ ነበር። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የለመንኩት።»

«እሱስ ምን አለህ?» አለች ገለቴ።

ዶክተሩ አላያትም። «‹እነዚህ ሰዎች በሬያቸውን የሚሰጡት እኔን አምነው ነው› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። መፍቻው እዚያው ነበር።»

ኢቲቻ ካቴናውን ከባይሳ እጅ ፈታ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለ። ካቴናው የዶክተሩ እጅ ላይ ሲገባ ባይሳ ፊታቸውን አዞሩ።

ዶክተሩን የያዘው መኪና ከሄደ በኋላ ውብአየሁ ከዛፉ ኋላ ወጣ።

«ረቡዕ ሰዎቹ ይመጣሉ» አለ። «ደብተሩ ተቃጥሏል። ዘገባው ውሸት ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ይህንኑ ብረት አንሥቶ ሦስት ሺህ ያሠራዋል። ምን ይዤ እቀርባለሁ?»

«ወረቀት አምጣ» አሉ ባይሳ። «ሦስቱንም ቀን አስታውሳለሁ።»

ውብአየሁ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ሽማግሌው ዳማን በእጃቸው ይዘው፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቁስል እያዩ ተናገሩ።

«የመጀመሪያው ቀን ማክሰኞ ነው። ስድስት ፈር አረስን። በሬዎቹ አራት ጊዜ ቆሙ። የዳማ አንገት ደማ። ሞቱማ አየውና አዘነ።»

ውብአየሁ እስክሪብቶውን አነሣ። «ማዘኑ እንኳ ለዘገባ አይሆንም፣ ኦቦ።»

«ስላዘነ ነው የሞተው» አሉ ባይሳ። «ጻፈው።»

ውብአየሁ ጻፈው።