የጾም እንክብል

ቴዎፍሎስ የሞተው ጾም ሊፈታ ተቀምጦ፣ የተልባ ብርጭቆውን እንደያዘ ነው። ኢንስፔክተር አመተሥላሴ በማግስቱ ከመሐል ሜዳ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው በደጀ ሰላሙ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተች። የበግ እከክ መድኃኒት ነው። በጠርሙስ የሚሸጥ መርዝ ቢሆንም በዚያ ደጋ በግ ያረባ ቤት ሁሉ አያጣውም፤ ስለዚህ መርዙ ወደ ማንም አይጠቁምም።

የመኪናውን መንገድ ናዳ ስለዘጋው የቀረውን ዳገት በበቅሎ ነበር የወጣችው። ደርሳ ገና ከበቅሎዋ ሳትወርድ ሁለተኛ ናዳ ያንኑ የበቅሎ መንገድ ይዞት ወረደ። ቀጥሎ የነሐሴ ጉም መጣና የቀረውን ዓለም ሸፈነው። ገዳይም፣ መርማሪም፣ ሟችም በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው ባለ ሰፈር ውስጥ ተዘጋባቸው። አመተሥላሴ ጠባብ ቦታ አትወድም፤ ደረቷን ጭንቅ አላት።

ቴዎፍሎስ በሰው ቆዳና ዓይን ውስጥ ያለውን ቢጫ ቀለም የሚለካ ቡድን ባለሙያ ነበር። ከአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት አርፈው የገበሬውን ጣትና ዓይን በመብራት ይለካሉ፣ ቀለሙ ያለበትንም የዘይት እንክብል ይሰጣሉ። ያን ቀን አብረውት የተቀመጡት አራት ናቸው፤ ነርሷ ጌታነሽ፣ የቡድኑ ኃላፊ ዶክተር ወንድምአገኝ፣ ሾፌሩ ጫኔና አስተናጋጃቸው መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ። እንክብሉን በእጇ ያደለችው ጌታነሽ ስለሆነች የሰፈሩ ሰው ዕቃ ቤት ቆልፎባታል። መንገዱ እንደተከፈተ እስር ቤት ትወርዳለች።

አመተሥላሴ ስትገባ ልጅቷ ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተነሣች።

«እትዬ፣ መታሰሩስ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የገደለው እጄ ነው? ተሳስቼ ሌላ ነገር ሰጥቼው ይሆን?»

«ገና አላወቅሁም። የሆነውን ንገሪኝ።»

«ጠርሙሱን ከፈትኩና ከላይ ያለውን ለቴዎፍሎስ ሰጠሁት። ሰዉ መድኃኒቱን ስለሚጠራጠር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቀምሰው እሱ ነው። የቀሩት ተጣብቀው ስለነበር ጠርሙሱን ነቅንቄ ለሌሎቹ አደልኩ።»

«ተጣብቀው?»

«እንደ ረጠበ ነገር። ሌላ ቀን እንዲህ አይሆኑም።»

«ከዚያስ ዋጠው?»

«በፍልሰታ ማን ይውጠዋል! ሽፋኑ ከከብት ቆዳ እንደሚወጣ መሪጌታ ከሰሙ ወዲህ በመርፌ እንወጋውና ዘይቱን ተልባ ውስጥ በጣታችን እንጨምቃለን። ሽፋኑ ይጣላል።»

«ሽታው አልከረፋውም?»

«ጉንፋን አፍኖት ነበር። መዓዛ ከለየ ሰንብቷል። ሲወድቅ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር እኮ።»

ዶክተሩን መለኪያ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ትሕትናው አይጣል ነው፤ ወንበር ከመሳብ አልፎ አቧራውን በመሐረቡ ጠረገላት።

«ይህ ቀለም ምንድነው?» አለችው።

«ከጎመን፣ ከካሮት፣ ከዱባ እናገኘዋለን። ደም ተሸክሞ ቆዳና ዓይን ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሰውነትን ከጉዳት ይከላከላል። ጣት ላይ ስናበራ መሣሪያው መጠኑን በቁጥር ያሳያል።»

«የግራና የቀኝ ጣት ይለያያል?»

«በምን ምክንያት? ደሙ አንድ ነው።»

«እርስዎም እንክብሉን ጨምቀው ጠጡ?»

«እንደ ሁሉም ሰው። የመጣሁት እሱ ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ስለሆነ የመጀመሪያዬ ነበር። የመጨረሻዬም ሊሆን ነበር እኮ!»

ጫኔ ሆዱን ይዞ ግድግዳ ተደግፏል። ሲቆርጠው ነው ያደረው።

«ከመሞቱ በፊት ከማን ጋር ተጣላ?»

«ከዶክተሩ ጋር፣ እንደገባን ማታውኑ። ‹ራቤል ለካሁ ያልከው ማንን ነው? መንደሩን የት ታውቀውና! ለላኩን ሰዎች እነግራለሁ› ሲለው ሰማሁ። እውነቱን ነው፤ እኔ ራቤል ነድቼው አላውቅም።»

መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስን ደግሞ ማን ጨመቀ፣ ማን አልጨመቀ ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ ከማኅሌት ጀምሮ ቆሜ ውዬ ዓይኔ ከተልባዬ ሌላ ምን ያያል?» አሏት።

አመተሥላሴ ያልተከፈተ ጠርሙስ አስመጥታ ከመለኪያው ፊት ብቻዋን ተቀመጠች። ሁለቱን ጣቶቿን ለካች፤ እኩል ናቸው። አንድ እንክብል በቀኟ ጨመቀችና በሳሙና ፈትጋ ታጠበች። ለዓይን ምንም አይታይም። እንደገና ስትለካ የቀኙ ቁጥር የግራውን ጥሎት ሄደ። ዘይቱ ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ያን ጊዜ ከመጣች ጀምሮ የጨነቃት ደረቷ ቀለል አላት።

ሁሉንም በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ጌታነሽን የሰፈሩ ሚሊሻ ከዕቃ ቤት አመጣት።

«እጃችሁን ልለካ ነው» አለች፤ «ሁለቱንም።»

የመሪጌታ ቀኝ ከግራቸው እጅግ በለጠ። የጫኔም እንዲሁ። የጌታነሽን ጣት አመተሥላሴ ራሷ ይዛ አስቀመጠችላት፤ የእሷም ቀኝ በለጠ። ዶክተሩ በመጨረሻ ተለካ። ግራና ቀኙ እኩል ነው።

«ንጹሕ ጣት ወንጀል ሆነ?» ብሎ ሳቀ።

«አብሬ ጨምቄያለሁ ላለ ሰው፣ አዎ። ጌታነሽ እንክብሎቹ ተጣብቀው አገኘቻቸው፤ መርዝ የገባበት አንዱ አፍስሶባቸው ነበር። ጫኔን የቆረጠው ያ ፍሳሽ ነው። መርዙን ያስገባው ሰው ግን መፍሰሱን አይቷል፤ ስለዚህ የደረሰውን እንክብል ሊነካው አልደፈረም። ዶክተር፣ ሲያዘጋጁት ጓንት አድርገው ነበር መሰለኝ፣ ያኔም ዘይት አልነካዎትም። ቴዎፍሎስ ቀድሞ እንደሚቀምስ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ዝም እንዲል የሚፈልገው ግን ያልረገጠውን መንደር ለካሁ ያለ ሰው ነው። እንክብልዎን የት ጣሉት?»

ዶክተሩ ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ደጅ ከጉም በቀር ምንም የለም። የሚሄድበት ስላልነበረው ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«አንዱን ብቻ ነው ከላይ ያደረግሁት» አለ ዝግ ብሎ። «ሌላ ሰው እንዲጎዳ አልፈለግሁም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ነበር።»

«ሌላ ሰውማ ጎድተሃል» አለ ጫኔ፤ ወደ ጌታነሽ እያየ።

ሚሊሻው ዶክተሩን ወሰደው። መንገዱ እስኪከፈት ከእነሱው ጋር ይቆያል፤ ሌላ ማደሪያ የለም።

ጌታነሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አመተሥላሴ ትከሻዋን ያዘቻት። «እጅሽ አይደለም» አለቻት፤ «ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።» ወደ መሪጌታ ዞረች። «አባቴ፣ የሰፈሩ ሰዎች ከትናንት ጀምሮ ሬሳው አጠገብ እንዳልደርስ ከልክለውኛል። የገደለ ሰው አያለቅስም አሉኝ። አሁን ይፈቀድልኛል?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ከደጀ ሰላሙ በኩል «ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ ብቻውን ነበር። ቀጥሎ ትናንት ፊታቸውን ያዞሩባት የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ ከየቤታቸው እየወጡ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ።