በጥቅምት የወጋ ቀንድ

አንገስ ድራሞንድ የተገኘው ከበጎቹ በረት ጀርባ ተንጋሎ ነው። ደረቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበረው። ሳጅን ቲንዳል ተንበርክኮ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በክር ለካና ክሩን ኪሱ ከተተ።

«ወንድ አጋዘን ነው የወጋው» አለ ሚስተር ፌን፣ የአጋዘን ጥበቃ ማኅበሩ አዲሱ ተቆጣጣሪ። ከእንግሊዝ ኒውዚላንድ ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። «ጥቅምት አይደል? ለሴት ሲያብዱ ሰው አይለዩም።»

«አዩት?»

«ሲሮጥ አየሁት። ቀንዱ ደም በደም ነበር።»

ድራሞንድ በማግስቱ ከተማ ወርዶ፣ አጋዘን እንዳይገደል የሚከለክለው ሕግ ይሻር ብሎ ሊመሰክር ነበር። ቃሉ ክብደት ነበረው፤ ከአርባ ዓመት በፊት ሰባቱን አጋዘኖች ከሳጥን የለቀቃቸው እሱ ራሱ ነው። በአገራቸው የመሳፍንቱን አጋዘን ከአጥር ውጭ ሆነው ያዩ የነበሩ ሰዎች፣ እዚህ መስፍን መሆን አማራቸውና አስመጧቸው። የሚበላቸው አውሬ የለም። ሰባቱ ሺዎች ሆኑ፤ ኮረብታው ራሰ በራ ሆነ። ማኅበሩ ይህን ውድመት ስኬት ብሎ በየዓመቱ ግብር ያበላበታል!

ሳጅኑ ፌንን አስከትሎ ወደ ድራሞንድ ወጥ ቤት ገባ።

«ወይዘሮ ድራሞንድ፣ ከባልዎ ጋር ይጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ» አለች ኢሶቤል። «እነዚያን ጉዶች ያመጣብኝ እሱ ነዋ! ግን ልገድለው ብፈልግ ከምስክርነቱ በኋላ በገደልኩት። ሕጉ ካልተሻረ በጎቼ ያልቃሉ፤ እርሻዬም አለቀለት።»

«አንተስ ሆኒ? ትናንት አባሮህ ነበር አሉ።»

እረኛው ሆኒ ትከሻውን ሰበቀ። «በዓመት ሁለቴ ያባርረኛል፣ ሳጅን። በማግስቱ ደግሞ የት ጠፋህ ብሎ ይቆጣኛል።»

«ወንዶቹ አጋዘኖች አሁን የት ናቸው?»

«ሸለቆ ውስጥ ተደብቀዋል። በዚህ ወቅት መታየት ያሳፍራቸዋል።»

ሳጅኑ ሳቀ። ፌን ግን የሚያስቀው ነገር አልገባውም። ሳጅኑ ወደ ፌን ጎጆ ሄዶ ጆንያ ተሸክሞ ተመለሰና ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጣቸው።

«እዚህ አገር ወንድ አጋዘን የሚያብደው በመጋቢት ነው» አለ። «ወቅቱ ከእንግሊዝ ተገላቢጦሽ ነው። አጋዘኖቹ እንኳ ይህን ቶሎ ተማሩ። እርስዎ ግን፣ ሚስተር ፌን፣ የእንግሊዝን ጥቅምት ይዘው መጡ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ጥቅምት ሲገባ ወንዱ ቀንዱን ጥሏል። የሚበቅልለት ለስላሳ እንቡጥ ነው፤ ሰው ሊወጋበት ቀርቶ ዝንብ ሲያርፍበት ያመዋል። ቀንድ አልባ ሲያዩዋቸው ሁሉም ሴት መሰሉዎት። ወይዘሮ ድራሞንድ እዚሁ ተወልደዋል፤ ሆኒም እዚሁ አድጓል። ይህን የመሰለ ውሸት ከነሱ አይወጣም።»

ጆንያውን ፈታ። ለጌጥ ከተሰቀለበት የፌን ግድግዳ የወረደ፣ ገና ያልደረቀ የታጠበ ቀንድ ወጣ። ሸንተረሩ ውስጥ ደም ቀርቷል። ሳጅኑ ክሩን ከጫፍ ጫፍ ዘረጋው፤ ልክክ አለ።

ፌን ፈገግ አለ። «ስቀሉኝ። ምስክራችሁ ሞቷል፤ ሕጉን የሚነካው የለም።»

ኢሶቤል የባሏን ጠመንጃ አንሥታ ወጣች። እርሻዋ ውስጥ አንዲት አጋዘን ትግጣለች። ተኮሰች፤ አጋዘኗ ወደቀች።

ሳጅኑ ፌንን በካቴና አስሮ ለሆኒ አስረከበውና ተከትሏት ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ማስታወሻ ደብተሩን ግን አወጣ፤ ሕግ ሕግ ነው።

«ሙሉ ስም?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ኢሶቤል ሜሪ ድራሞንድ። የአጋዘኖቹን ቁጥር ግን ገና አትጻፍ» አለችና ሁለተኛ ጥይት አጎረሰች።