የአጥሩ እንጨት

«ነበሩ አይደለም፤ ናቸው በይ።»

ፋንቱ ቀና ብላ ጌትነትን አየችው። ከአዳራሹ ጀርባ፣ በግድግዳው ጥላ ሥር ቆመዋል። ጌትነት የቡድናቸውን ጽሑፍ ይዞ እንደ አስተማሪ ያስደግማታል። ውስጥ ሌሎች ተማሪዎች ከመስክ ልምምድ ይዘውት የመጡትን ተሞክሮ እያቀረቡ ነው፤ በየመሀሉ ጭብጨባ ይሰማል።

«እንደገና» አላት።

«ሞዴል አርሶ አደር አብዱልሐሊም፣ የዚህ ጉድጓድ ውሃ ተጠቃሚ...»

«ናቸው።»

«ሞተዋል እኮ፣ ጌትነት።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ለቅሷቸው ላይ አብረን ነበርን።» ጽሑፉን አጥፎ ጭኑን መታ መታ አደረገበት። «ነገር አታካብጂ፣ በናትሽ። አንዲት ቃል ናት። አንብበሽ ትወርጃለሽ፣ ይጨበጨብልሻል፣ በቃ። ውጤቱ የቡድን ነው። አንቺ ብቻሽን አይደለሽም የምትወድቂው።»

እውነቱን ነው። ሁለቱም አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሱ ወልድያ መጥተው ኮሌጅ የገቡ የግብርና ተማሪዎች ናቸው። የዛሬው አቀራረብ የልምምዱን ግማሽ ውጤት ይይዛል። ሐራ ከተማ የሚኖሩት የፋንቱ እናት ልጃቸው በቅርቡ የመንግሥት ሠራተኛ እንደምትሆን ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል።

በዚያ ዓመት በየቀበሌው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። የነፋንቱ ቡድን የተመደበው ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ በላይ ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ውሃው እንዳይሰርግ ውስጡ ጥቁር ላስቲክ ይነጠፋል፣ ዙሪያው ይታጠራል። ላስቲኩ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። «አጥር ሳይቆም ላስቲክ አይነጠፍም» ብለው ክፍል ውስጥ ያስተማሯቸው መምህር ስዩም ናቸው። ፋንቱ ደብተሯ ላይ ከሥሩ አስምራበታለች።

ጋሼ አብዱልሐሊም የአጥሩን እንጨት ከገዛ ባሕር ዛፋቸው ቆርጠው፣ ልጠው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ከምረውት ነበር። በመሀሉ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ጉድጓዱ ቶሎ ላስቲክ ይልበስ፤ ለእንግዶቹም ዳስ ይተከል ተባለ። ለዳሱ እንጨት አልነበረም።

እንጨቱን ሊለምኑ የሄዱት ፋንቱና ጌትነት ናቸው። «ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ጋሼ» አላቸው ጌትነት።

ጋሼ አብዱልሐሊም ሳቁ። «ውሰዱት ልጆቼ። እንግዳ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እኛ አጥር ስናጥር ወላሂ ነውር ነው። እንግዳ ይቅደም። አብሽሩ።»

ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ከበሩ ላይ ሆነው «ጉድጓዱስ?» አሉ።

«እሱ የት ይሄዳል?»

ሁሉም ሳቀ። ፋንቱም ስቃለች።

ዳሱን ሲተክሉ ዋሉ። ሚስማር ስላልነበረ በልጥ አሰሩት። ጌትነት መሰላል ላይ ሆኖ «የፋንቱ ቋጠሮ በሬ ያስራል!» እያለ ሲያሾፍባት ዋለ። በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፤ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ዳሱ ይፍረስ ሲባል የቀበሌው ሊቀ መንበር ከለከሉ። ሌሎች እንግዶች ይመጣሉ አሉ።

እንግዳ ሳይመጣ ዝናብ መጣ። ላስቲክ የለበሰው ጉድጓድ ሞላ። አንድ ቀን ማለዳ ጥጃ ገባችበት፤ ጋሼ አብዱልሐሊም ሊያወጧት ገቡ። ጥጃዋ ወጣች።

ለቅሶ የደረሱ ዕለት እትዬ ከድጃ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደርቋል። «መጣችሁ?» አሉ። «አላህ ይስጣችሁ።» ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ «እንጨቱን መልሱልኝ። ትንንሾቹ ልጆች ጉድጓዱን ገና አልፈሩትም» አሉ።

«እንመልሳለን» አለ ጌትነት። ያኔ እሱ እያለቀሰ ነበር።

ሊቀ መንበሩን ሲጠይቋቸው፣ ዳስ የሚፈርሰው ከላይ ሲታዘዝ ነው አሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ልምምዱ አለቀና የኮሌጁ መኪና መጥቶ ጫናቸው። ፋንቱ በመስኮት ዳሱን አየችው። የተሸፈነበት ቅጠል ደርቆ ረግፎ፣ እንጨቱ ብቻውን ቆሟል።

«ተዘጋጃችሁ?» መምህር ስዩም በአዳራሹ የጓሮ በር ብቅ አሉ። ፊቷን አይተው ጠጋ አሏት። «ፋንቱ፣ የተጻፈውን አንብቢ። ሐዘን ሌላ፣ ሪፖርት ሌላ።»

«መምህር፣ አጥር ሳይቆም ላስቲክ አይነጠፍም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

መምህር ስዩም ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «እሱ ፈተና ላይ ይመጣል» አሏትና ገቡ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ወንበር የክብር እንግዳው ተቀምጠዋል፤ ጉድጓዶቹን በበላይነት የሚያስቆፍሩት እሳቸው ናቸው ተብሏል። ጌትነት በካርቶን ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ፎቶ ሰሌዳው ላይ አቆመው። ጋሼ አብዱልሐሊም ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው ዳሱ፣ ዳሱ ውስጥ እንግዶቹ።

ፋንቱ መጠቆሚያውን ዱላ ይዛ ማንበብ ጀመረች። የቀበሌውን አየር ጠባይ አነበበች። የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት አነበበች። ድምፅዋ ደህና ነበር። ከዚያ እዚያ መስመር ላይ ደረሰች።

«ሞዴል አርሶ አደር አብዱልሐሊም፣ የዚህ ጉድጓድ ውሃ ተጠቃሚ ነበሩ።»

ጌትነት ዓይኑን ጨፈነ።

ወረቀቱን አጠፈችና ዱላውን ከጉድጓዱ ላይ አንሥታ ዳሱ ላይ አደረገችው። «ይህ እንጨት የጉድጓዱ አጥር ሊሆን የተቆረጠ ነው። ለአንድ ቀን ብለን እኛ ወሰድነው። አልተመለሰም። ጋሼ አብዱልሐሊም ያላጠሩት ጉድጓድ ውስጥ ሞተዋል። ጉድጓዱ አሁንም አልታጠረም፤ ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ባለቤታቸው እንጨቱን መልሱልኝ ብለዋል።»

ከኋላ አንድ ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። የክብር እንግዳው ብዕራቸውን ከፍተው አንድ ነገር ጻፉ፤ ፋንቱ ተስፋ አደረገች።

«ጥሩ አስተያየት ነው» አሉ እንግዳው። «እርግጥ በአንዳንድ ቦታ በአርሶ አደሩ በኩል የአጠቃቀም ጉድለት ይታያል። አስተያየቱን ተቀብለናል። እያሻሻልን እንሄዳለን።»

«እንጨቱስ?» አለች ፋንቱ።

«የቱ እንጨት?»

ዱላዋ እንጨቱ ላይ እንደሆነ ነው። ከተማሪዎቹ መሀል ጥቂቶቹ ሳቁ። መምህር ስዩም ብድግ ብለው «ሰዓት ስለሌለን ወደሚቀጥለው ቡድን እንለፍ» አሉ። አዳራሹ እንደ ልማዱ አጨበጨበ።

ውጭ፣ ያው ጥላ ሥር፣ ጌትነት ፎቶውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጀርባውን ሰጣት። «አሁን ምን አተረፍሽ? ንገሪኝ። እንግዳው የጻፉትን አይቼዋለሁ። ቀጥሎ የሚያቀርበውን ቡድን ስም ነው የጻፉት።»

ከአዳራሹ የሚቀጥለው ቡድን ድምፅ ይሰማል፤ ያጋጠመን ችግር የለም ይላል። እንደገና ጭብጨባ።

«ቅዳሜ የመርሳ መኪና መቼ ነው የሚወጣው?» አለችው።

ዞር አለ። «ምን ልትሠሪ?»

«ዳሱን ላፈርስ።»

«አብደሻል። ሊቀ መንበሩ ዝም ብለው የሚያዩሽ መሰለሽ? የመንግሥት ዳስ አፈረሰች ይሉሻል።»

«ይበሉ።»

«ከኮሌጅ ያባርሩሻል።»

«ሊያባርሩኝ ይችላሉ።»

«በምን ልታፈርሺው? መጥረቢያ የለሽ፣ መጋዝ የለሽ።»

«በልጥ ነው ያሰርነው» አለች ፋንቱ። «ያሰርነውም እኛ ነን።»

ጌትነት ፎቶውን አየ። ጋሼ አብዱልሐሊም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አነሣና ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ብብቱ ሥር ያዘው። ጥቂት ተራመደ፤ ቆመ።

«ያንቺ ቋጠሮ ብቻሽን አይፈታልሽም» አለ፣ ሳያያት። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «በማለዳ ነው። መኪናው በማለዳ ነው የሚወጣው።»