በቆቃ ሐይቅ ዳር የተንጫጫው መሣሪያ

በእንዲህ ዓይነት ወሬ አምኜ አላውቅም፤ ሥራዬ ዜና ነው፣ ሰይጣን አየሁ ብሎ የመጣን ሰው «አብሮህ ማን ነበር?» ብዬ ነው የምሸኘው። ይህንንም የምነግራችሁ እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። የቆቃ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ከብት እየገደለ ነው ተብሎ ከናዝሬት ተላክሁ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ውሃውን በቀጭን ቱቦ እያሳለፈ፣ በዓይን የማይታዩትን ተሕዋስያን አንድ በአንድ በብርሃን የሚቆጥር መሣሪያ አምጥቷል፣ አንዱ ባለፈ ቁጥር ቀጭ ይላል። ባለሙያው ግን የይለፍ ወረቀት ሊያሳድስ አዲስ አበባ ሄዶ ቀርቷል፣ ግድቡ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይውላል፣ እኔና ፀሐይ የምትባለው ረዳቱ በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በዚያ ሐሩር ተፋጠን ተቀምጠናል።

ሥራው የሚጀመረው በተጣራ ውሃ ነው፣ ሕይወት ስለሌለበት መሣሪያው ዝም ማለት አለበት፣ ካላለ የሐይቁን መለካት አይቻልም። ዝም ብሎ አረፈደ። የሐይቁን ልንጀምር ስንል ኦቦ ገዲሳ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ ገበሬ የቀረቻቸውን አንዲት ላም እየጎተቱ መጡ። ደጃፉን ሲረግጡ መሣሪያው ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

«ሽቦ ረግጠው ይሆናል አባባ፣ እስቲ ወደ ውጭ» አለች ፀሐይ።

ወጡ፣ ዝም። ገቡ፣ ቀጭ ቀጭ። ሽቦውን አነሳን፣ ቱቦውን አጠብን፣ እኔ ራሴ ወለሉን በጫማዬ ደበደብኩ፣ ምንም። እሳቸው ሲገቡ ብቻ።

«እኔን ነው የምትቆጥሩት?» አሉ። «ልጄ፣ ላሚቱ ጠማት። ከሐይቁ ላጠጣት ወይስ አላጠጣት?»

«ዛሬ መልስ የለንም አባባ፣ ዕቃው ተበላሽቷል።»

«እንግዲያ እሱኑ ልጠይቀው» ብለው ጎንበስ አሉ። «ላጠጣት?»

እመኑኝ፣ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ያህል ተንጫጫ።

«አላጠጣት?»

ጸጥ።

«ሰማሁ» አሉና ላሚቱን አዞሩ።

«ምኑን ነው የሰሙት?» አልኩ ተናድጄ።

«አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? አታጠጣት ብሎ ሲጮህ ጆሮ የለህም?» ብለው ሩቅ ወዳለው ጉድጓድ ይዘዋት ሄዱ።

የዚያን ቀን ከሐይቁ የጠጡት የጎረቤቶቻቸው ከብቶች ማታውኑ ወደቁ። የእሳቸዋ ተረፈች። እኔ «መሣሪያው በመበላሸቱ ምርመራው ተቋርጧል» ብዬ ጻፍኩ፣ ውሸት የለበትም። ነገር ግን ዕቃውን ስንሰበስብ ፀሐይ ወደ ቱቦው የሚገባውን የተጣራ ውሃ ጠርሙስ ገልብጣ አሳየችኝ፣ ደረቅ ነበር፣ ካለቀ ቆይቷል። ታዲያ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ የነበረው ምንድን ነው? ፀሐይን ጠየቅኋት፣ «እኔን አትጠይቀኝ» አለችና ጠርሙሱን ከፊቴ አሸሸችው።

አሁንም ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሳ፣ ሳላስበው ጆሮዬን አቀናለሁ።